ከስትሮክ በኋላ የጎደለ እይታ፦ ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ስትሮክ ሲባል ለአብዛኛው ሰው ወዲያው የሚታሰበው የእጅና የእግር መክዳት፣ የአፍ መጣመምና የአንደበት መተሳሰር ነው። እይታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ፣ በከዘራ መራመድ ጀምሮ፣ ጠያቂውም «እንኳን እግዜር ማረዎ» ብሎ ከተመለሰ በኋላ ነው የበሩ መቃን ትከሻውን ሲገጨው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ብርጭቆ ሲደፋው፣ በአንድ ወገን የመጣበትን ሰው ሳያየው ሲያልፍ ቤተሰቡ ግራ የሚገባው። ነገሩ ግን ብርቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የስትሮክ ታማሚዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ ታማሚዎች 60 ያህሉ ስትሮኩ ያመጣው አዲስ የእይታ ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። ይህ ጽሑፍ በሐዋሳና በአካባቢዋ ታማሚ ቤታቸው ላስገቡ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አደጋው በደረሰበት ሰዓት ምን መደረግ እንዳለበት፣ የጎደለው እይታ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ እና ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ልምምድ እንደሚጠቅም በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ችግሩ ያለው አንጎል ላይ ነው

ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡት ነርቮች ወደ አንጎል ሲጓዙ መንገድ ላይ ይገናኙና ከእያንዳንዱ ዓይን የሚመጣው መልእክት በከፊል ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራል። በዚህ ምክንያት ከፊታችን በስተግራ ያለው ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ዓይን ይታይ፣ የሚደርሰው ለቀኙ የአንጎል ክፍል ነው፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ለግራው። እንግዲህ እይታን ለሚያስተናግደው ለኋለኛው የአንጎል ክፍል ደም የሚያደርሰው የደም ሥር በቀኝ በኩል ቢደፈን፣ ሁለቱም ዓይኖች ጤነኛ ሆነው ሳለ የሁለቱም የግራ እኩሌታ እይታ ይጠፋል ማለት ነው። ታማሚው ይህንን የሚገልጸው ግን «ግራ ዓይኔ አያይም» በማለት ነው፤ ቤተሰቡም የሰማውን ይዞ በቀጥታ ወደ መነጽር ቤት ይወስደዋል።

እዚያ የሚሆነው ነገር ቤተሰቡን ይበልጥ ያሳስታል። የመሃሉ እይታ ብዙ ጊዜ ስለማይነካ፣ ታማሚው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኢ ፊደል ሰሌዳ እስከ ትንሹ መስመር ድረስ በትክክል ሊለይ ይችላል። ከዚያ «ዓይናቸው ደህና ነው» ይባልና ታማሚው ሰበብ እንደሚፈጥር ወይም እንደ ጃጀ ይቆጠራል፤ አለዚያም የማይጠቅም መነጽር ተገዝቶለት ይመለሳል። መነጽር ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ያስተካክላል እንጂ አንጎል ውስጥ የጠፋውን እኩሌታ አይመልስም። የዓይን ጠብታም ሆነ ቫይታሚን እንዲሁ ነው።

የዓይን ምርመራ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ቀድሞ የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ የነበረበት ሰው ስትሮክ ሲጨመርበት የሁለቱ ችግር ይደራረብበታል፣ ሞራውም በቀዶ ሕክምና ሊገፈፍለት ይችላል። ከስትሮኩ በፊት መነጽር ያደርግ የነበረ ሰው ደግሞ መነጽሩ በመታከሚያው ግርግር መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ለሳምንታት ያለ መነጽር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቀድሞ መነጽሩን ፈልገው፣ አጥበው ያድርጉለት።

እይታ በድንገት ሲጠፋ

በድንገት የመጣ የእይታ መጥፋት፣ የነገሮች ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የአንድ ወገን መጨለም፣ እጅና እግር ባይዝም፣ ፊት ባይጣመምም፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ታማሚው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከመሰለ ግን በተገኘው ተሽከርካሪ መሄድ ይሻላል። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው፣ ሲቲ ስካን የትኛው ሆስፒታል እንደሚሠራና ሌሊትም እንደሚሠራ ወይም እንደማይሠራ ሳይታመሙ ጠይቆ ማወቅ ይበጃል፤ በጭንቅ ሰዓት ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው መመላለስ ብዙ ጊዜ ይበላል።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ ታሞ የተገኘ ሰው ከሆነ፣ የሚቆጠረው ከተነሣበት ሳይሆን ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ጀምሮ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በደንቡ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ይኸውም በሲቲ ስካን አንጎል ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሕክምናው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ባይገኝም እንኳ ስትሮኩ ከመደፈን ይሁን ከመፍሰስ መለየቱ፣ የስኳርና የልብ ምርመራ መደረጉ፣ መዋጥ መቻሉ መታየቱ የታማሚውን ዕድል የሚወስኑ ስለሆኑ «ሰዓቱ አልፏል» ብሎ ቤት መቅረት አይገባም።

ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ በአፉ ምንም አይስጡ። ወተት፣ ስኳር ውሃ፣ ጠበል፣ ክኒን፣ ሁሉም መዋጥ ያቃተውን ሰው ወደ ሳንባው ገብተው ሊያንቁት ይችላሉ። አስፕሪን ከሲቲ ስካን በፊት አይሰጥም፣ ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋልና። የደም ግፊት ክኒን ከምላስ ሥር ማስቀመጥም በየቤቱ የተለመደ ስህተት ነው። የደም ሥር በተደፈነበት ሰዓት ግፊቱ ከፍ ማለቱ ለተጎዳው የአንጎል ክፍል ደም የሚያደርስበት መንገድ ሊሆን ስለሚችል፣ በድንገት ማውረዱ ጉዳቱን ያሰፋዋል፤ መቼና ምን ያህል መውረድ እንዳለበት ሐኪሙ ይወስን። ታማሚው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ግን ስኳሩን ይለኩ፣ የስኳር መጠን ማነስ ስትሮክ ሊመስል ይችላል።

ሁለት ነገሮችን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው፣ የአንድ ዓይን እይታ ያለ ምንም ሕመም በድንገት ሲጠፋ፣ ለዓይን ደም የሚያደርሰው የደም ሥር ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህ የዓይን ስትሮክ ነው፤ የሚታየውም እንደ ስትሮክ ነው እንጂ ሰኞ ዓይን ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ የሆነና ከእይታው መጥፋት ጋር አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመም ወይም ራሱን ሲያበጥር የቆዳ ሕመም ያለው ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት፣ የደም ሥር ቁጣ ከሆነ ሌላው ዓይን እንዳይከተል በዚያው ቀን የሚጀመር መድኃኒት አለና። ሁለተኛው፣ መጋረጃ እንደወረደበት ሆኖ ዓይኑ ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞ የተመለሰለት ሰው «አለፈልኝ» ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ እንዲህ ያለው ምልክት የስትሮክ ቀዳሚ መልእክተኛ ሲሆን፣ ዋናው ስትሮክ የመከተል ዕድሉ የሚበረታውም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው።

የጎደለው የትኛው ነው?

አጣዳፊው ጊዜ አልፎ ታማሚው ቁጭ ብሎ መነጋገር ሲችል፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ሙከራ ብዙ ነገር ይገልጣል። ከታማሚው ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ርቀው፣ ዓይን ለዓይን እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጡ። ታማሚው ግራ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና በቀኝ ዓይኑ የእርስዎን አፍንጫ ብቻ ይመልከት፤ እርስዎ ደግሞ ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እንዲህ ሲሆን የሁለታችሁ እይታ ይገጣጠማል። ከዚያ እጅዎን በሁለታችሁ መካከል ባለው ርቀት ላይ ዘርግተው አንድ ወይም ሁለት ጣት በላይ ግራ፣ በታች ግራ፣ በላይ ቀኝ፣ በታች ቀኝ በየተራ እያሳዩ «ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ዓይኑ ከአፍንጫዎ ላይ ተነሥቶ ጣቱን ሲከተል ካዩ ያ ሙከራ አይቆጠርም፣ ይድገሙት። ቀጥሎ በሌላው ዓይን እንዲሁ ያድርጉ። በሁለቱም ዓይኖች በአንድ ወገን ያሉትን ጣቶች ካጣ፣ የጎደለው የዚያ ወገን እኩሌታ ነው፤ ላይኛውን ወይም ታችኛውን ብቻ ካጣ ሩብ ያህሉ ነው የጎደለው። በአንድ ዓይን ብቻ ካጣ ግን ችግሩ ያ ዓይን ወይም ነርቩ ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም በቶሎ ይየው።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠው ሁለቱንም እጆችዎን በግራና በቀኝ ዘርግተው ጣቶችዎን በአንድ ጊዜ ያወዛውዙ። ለየብቻ ሲያሳዩት ሁለቱንም ያይ የነበረ ሰው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የቀኙን ብቻ ካየ፣ የጠፋው እይታው ሳይሆን ለግራው ወገን ያለው ትኩረት ነው። ይህ አንድን ወገን ፈጽሞ የመዘንጋት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀኝ አንጎል ጉዳት ሲሆን፣ የሚዘነጋውም ግራው ነው። በወረቀት ላይ የግድግዳ ሰዓት እንዲሥል ቢጠይቁት ከ12 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች በቀኝ በኩል ደርድሮ ግራውን ባዶ ይተወዋል። ፊቱን ሲላጭ ግራ ጉንጩ ይቀራል፣ ነጠላውን ሲያጣፋ ግራ ትከሻው ይረሳል።

ገበታ ላይ ደግሞ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ከትሪው በስተቀኝ ያለውን እንጀራና ወጥ ጠርጎ በልቶ፣ የግራው ሳይነካ እንዳለ እያለ፣ «በቃኝ፣ ወጡ አለቀ» ይላል። ትሪውን ግማሽ ዙር ቢያዞሩለት «ጨመራችሁልኝ እንዴ?» ብሎ እንደገና መብላት ይጀምራል። እኩሌታ እይታው ብቻ የጠፋበት ሰው ግን እንደጎደለው ስለሚያውቅ፣ ውሎ አድሮ ራሱን ወደ ግራ እያዞረ መፈለግ ይለምዳል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው የዘነጋ ሰው አደጋውን ጭራሽ ስለማያውቀው፣ ለብቻው እንዲወጣና እሳት አጠገብ እንዲቀመጥ መፍቀድ ስለማይገባ ነው።

የቤቱ ሙከራ የሆስፒታሉን ምርመራ አይተካም። ከጤና ጣቢያ ወይም ከአዳሬ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስትሄዱ፣ የሲቲ ስካኑን ፊልም፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የቀድሞውን መነጽር ይያዙ፤ የዓይን ክፍሉንም በግልጽ «ስትሮክ ነበረባቸው፣ የእይታ ስፋታቸው ይለካልን» ብለው ይጠይቁ። ይህ ካልተባለ ተራ የመነጽር ምርመራ ተደርጎ መመለስ ሊኖር ይችላል።

ምን ይመለሳል? ምንስ አይመለስም?

የጠፋው እይታ በራሱ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። ለአንዳንዱ ሙሉ በሙሉ፣ ለአንዳንዱ በከፊል ይመለሳል፤ ሳይመለስለት የሚቀረውም ብዙ ነው። የጠፋውን እኩሌታ መልሶ ለመትከል ብቃቱ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም፣ «በመርፌ እንመልሳለን» ወይም «በኮምፒዩተር ጨዋታ ይመለሳል» እያለ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

ይህ ተስፋ አስቆራጭ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን እይታው ባይሰፋም አጠቃቀሙ ይሠለጥናል፤ የመልሶ ማቋቋም ባለሙያዎችም በመጀመሪያ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ታማሚው ዓይኑንና ራሱን በፍጥነትና በስፋት ወደ ጠፋው ወገን እየወረወረ እንዲቃኝ ይለማመዳል። ልምምዱ መሣሪያ አይፈልግም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ለበርካታ ሳምንታት ሳይቋረጥ መሠራት አለበት። ስትሮክ ያደከመው አንጎል ቶሎ ስለሚዝል፣ አንድ ሰዓት አስቀምጦ ከማሰልቸት አጠር አድርጎ መደጋገም ይሻላል።

ምስር ለቀማ ለዚህ የተመቸ ሥራ ነው። በሰፌድ ላይ ምስር ይዘርጉና ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ሽምብራ ይበትኑበት። የጠፋው ወገን ግራ ከሆነ፣ ከሰፌዱ የግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ወይም ጨርቅ ይሰሩ። ታማሚው ሁልጊዜ ለቀማውን የሚጀምረው ቀዩን ክር በዓይኑ ካገኘ በኋላ ነው፤ ክሩን ያያል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየጠረገ ይመጣል፣ ጨርሶ ወደ ክሩ ይመለሳል፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይጀምራል። የተበተኑትን ሽምብራዎች እርስዎ አስቀድመው ቆጥረው ይያዙ፤ ሲጨርስ ስንት እንዳገኘና የቀሩት የት የት እንደሆኑ አብራችሁ እዩ። ያመለጡት ሁሉ በግራ ጠርዝ ተሰብስበው ከተገኙ፣ ዓይኑ እስከ ክሩ ሳይደርስ ነው የተመለሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ «አባባ፣ ክሩን ያዩታል?» ብሎ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እየቆየ ሲሄድ ራሱ ይፈልገዋል። በአጋጣሚም ምስሩ ይለቀማል፣ ይህ ለአንድ የቤት እመቤት «ምንም አልጠቅምም» ከሚለው ሐዘን መውጫ መሆኑን አይናቁት።

ቤት ውስጥ ሲሠለጥን ወደ ውጭ ይውጡ። ሐይቅ ዳር በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ለዚህ ይመቻል፤ ከወንበር ላይ ተቀምጦ ከግራ ጫፍ ጀምሮ ጀልባዎቹን መቁጠር፣ አሞራ ገደል አካባቢ የቆሙትን አባ ኮዳዎች ሳያስቀሩ መለየት ጥሩ ልምምድ ነው። (ጦጣዎቹ ግን በማያየው ወገን መጥተው የያዘውን ስለሚነጥቁት ሙዝ አያስይዙት።) ሲራመድ እርስዎ በማያየው ወገን ይሁኑ። መንገድ ሲሻገር ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኝ ቀኙን ስለሚሄድ፣ ከአስፋልቱ ዳር ለቆመ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት በግራው በኩል ነው፣ የጠፋውም ግራው ከሆነ ባጃጁን ሳያየው ይገባበታል። ስለዚህ ራሱን እስከ ትከሻው ድረስ ወደ ግራ አዙሮ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ሳያይ እግሩን እንዳያነሣ ያለምዱት። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ጆሮን ብቻ ማመን አይበቃም።

በልዩ መነጽር ላይ የሚለጠፍ ፕሪዝም በማያየው ወገን ያለውን ምስል ወደሚያየው ወገን አምጥቶ ሊያሳይ ይችላል። አንዳንዶችን ይረዳል፣ ሌሎችን ያደናግራል፤ ከተገኘም በባለሙያ ተለክቶ፣ ለጊዜው ተሞክሮ ነው የሚገዛው። ልምምዱን ግን አይተካም።

ቤቱን ማመቻቸት

የአልጋው አቀማመጥ፣ የመጸዳጃ ቤቱ መንገድና የዘወትር ዕቃዎች ቦታ በየቀኑ አይለዋወጥ። ደፍና ደረጃ ጠርዙ ላይ ደማቅ ቀለም ይቀባ። ነጭ ስኒ ነጭ ጨርቅ ላይ ከማስቀመጥ ጠቆር ባለ ትሪ ላይ ማቅረብ ለእይታ ይቀላል። ቡና ሲፈላ የከሰል ምድጃውና ጀበናው በማያየው ወገኑ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ፤ እግር ዘርግቶ መቀመጥና ድንገት መነሣት በሚበዛበት በዚያ ሰዓት ቃጠሎ በቀላሉ ይደርሳል። ተጠብሶ ሙሉውን የቀረበ ዓሣ ከሆነ፣ እሾሁን ያላየው ሰው እንዳይታነቅ ሥጋው ተለይቶ ይሰጠው።

ጠያቂ ሲመጣ በሚያየው በኩል ቀርቦ ስሙን ተናግሮ ሰላም ይበል። ድንገት ከማይታይበት ወገን ትከሻን መንካት ያስደነግጣል። ወገኑን የዘነጋ ታማሚ ከሆነ ግን፣ ከተረጋጋ በኋላ ጨዋታውን ቀስ በቀስ ወደተዘነጋው ወገን ማምጣት ራሱ ልምምድ ነው።

ንባብ

የግራው እኩሌታ የጠፋበት ሰው አማርኛ ሲያነብ የሚቸገረው የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ማግኘት ላይ ነው። ከገጹ የግራ ኅዳግ ላይ ቀይ ወረቀት ወይም የግራ አውራ ጣቱን አኑሮ እሱን እስኪያይ ድረስ ንባብ አይጀምር። የቀኙ የጠፋበት ሰው ይበልጥ ይቸገራል፤ ዓይኑ የሚቀጥለውን ቃል ቀድሞ ስለማያይ ንባቡ ይንቀረፈፋል፣ ረጅም ቃላትንም መጨረሻቸውን ቆርጦ ያነባል። ለእሱ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ አድርጎ፣ ጣቱን ከቃሉ ቀድሞ እየወሰደ፣ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ሳያይ እንዳያልፍ መለማመድ ይጠቅማል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ቁርኣን ለሚቀራ ሰው ነገሩ ይገለበጣል፤ ግራው የጠፋበት ነው ንባቡ የሚንቀረፈፍበት። ደብዳቤውን በስልክ ማስፋት፣ ዳዊቱን ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን በትልቅ ፊደል በታተመ መለወጥ የእይታ ጥራቱ ለቀነሰ ይረዳል፤ እኩሌታው ለጠፋበት ግን ፊደል ከመጠን በላይ ሲተልቅ ቃሉ ከሚታየው ክልል ስለሚወጣ ይብስበታል።

ሁለት ሁለት ሆኖ ማየትና ሌሎች

ነገሮች ሁለት ሆነው የሚታዩት ታማሚ አንድ ዓይኑን ሲሸፍን ሁለትነቱ ከጠፋ፣ የዓይን ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ነርቭ ተነክቶ ዓይኖቹ አልገጠሙም ማለት ነው። አንድ ዓይን መሸፈን ወዲያው ያሳርፈዋል፤ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ከመሸፈን እያፈራረቁ መሸፈን፣ ወይም በመነጽሩ አንድ መስታወት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል። ብዙው በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ ለቀረው ፕሪዝም፣ አልፎ አልፎም ቀዶ ሕክምና አለ። አንድ ዓይኑን የሸፈነ ሰው ርቀት መገመት ስለሚያቅተው ደረጃ ላይ ይደግፉት።

ፊቱ የተጣመመና የዓይኑ ቆብ የማይገጥምለት ሰው ዓይኑ ደርቆ ሊቆስል፣ ከዚያም ሊጠፋ ይችላል። ይህ ፈጽሞ መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው፦ ቀን ማርጠቢያ ጠብታ፣ ማታ የዓይን ቅባት አድርጎ ቆቡን በፕላስተር መግጠም። ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እይታቸው ከጠፋ አንዳንድ ሰዎች የሌሉ ሰዎችን፣ ሕፃናትን፣ እንስሳትን ወይም የጥልፍ ዓይነት ምስሎችን ያያሉ። ድምፅ የላቸውም፣ ታማሚውም ብዙ ጊዜ እውነት እንዳልሆኑ ያውቃል፤ ግን «አበደ» ወይም «ሰፈረበት» እንዳይሉት ፈርቶ ዝም ይላል። አንጎል የጎደለውን ምስል ከራሱ ሲሞላ የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ ይህንኑ ማስረዳት ብቻውን ያረጋጋዋል። ግራ መጋባት፣ ትኩሳት ወይም ራስን መሳት ከተጨመረ ግን ሌላ ሕመም ስለሚሆን ይታይ።

ሁለተኛው ስትሮክ እንዳይመጣ

የቀረው እኩሌታ እንዳይጠፋ ዋናው ጠባቂ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚፈለገው መጠን ከ130/80 በታች ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ታማሚ ሐኪሙ ይወስናል፤ «ራሴን አላመመኝም» ተብሎ ክኒን አይቋረጥም። ጠበል የሚሄድ ሰው ጠበሉንም ክኒኑንም መውሰድ ይችላል። ጾምና ረመዳን ሲደርስ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል፣ በሽተኛን ሃይማኖቶቹም አያስገድዱም። ጫት ግፊትን ስለሚጨምር ይተው፤ ሲጋራም እንዲሁ።

ወጣት ሆኖ ስትሮክ የመታው ሰው የልብ ምርመራ ሳይደረግለት አይቅር፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በር (ቫልቭ) በሽታ በአገራችን የተለመደ ነው፣ ከተበላሸው ልብ የሚነሣ የረጋ ደምም አንጎል ይደፍናል። ለዚህ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የደሙን መቅጠን በቀጠሮው ማስለካት አለበት። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወቅት በየቀኑ ጎመን መብላት ጀምሮ ሲፈታ ማቆም መጠኑን ያዛባዋል፤ መከልከል ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ አድርጎ መብላት ነው የሚፈለገው።

መንዳትና ወደ ሥራ መመለስ

እኩሌታ እይታው የጠፋ ሰው መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል መንዳት የለበትም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለመንዳት የሚጠየቀው የጎን እይታ ስፋት ቢያንስ 120 ዲግሪ ሲሆን፣ እኩሌታው ለጠፋበት ሰው የሚቀረው ከዚህ ያንሳል። ባጃጅ የሚነዳ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ከሆነ ይህ ቃል ከሕመሙ ይልቅ ይከብደዋል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወር የእይታ ስፋቱ ተለክቶ ውጤቱ በወረቀት እስኪታወቅ ድረስ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይቆይ፣ ባጃጁም ለሌላ ሾፌር በቀን ሒሳብ ቢሰጥ ገቢው አይቋረጥም። በስድስተኛው ወር ልኬቱ ይደገማል። ያኔም ስፋቱ ካልተመለሰ፣ ሥራውን ስለመለወጥ የሚደረገው ውይይት ታማሚው ራሱ በተገኘበት፣ የሐኪሙን ጽሑፍ ይዞ ቢሆን ይመረጣል።